ጨው ጨው የሚለው ጉድጓድ

አዲሱ ጉድጓድም ጨው ጨው አለ። ሰውዬው የተጎነጨውን ውሃ ተፍቶ ጣሳውን አሽቀነጠረው።

«አፍልቼው ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት» አለች ሚስቱ።

«ያኛው ሲበላሽ የጎረቤታችን የወይዘሮ አስካለ ሽንት ቤት ነው ብዬ ተጣላኋቸው። ይሄን ራቅ አድርጌ አስቆፈርኩ፤ ይሄው! ሎሚው ደረቀ፣ ላሚቱ አልጠጣም አለች። ቆይ፣ እኔ ምን በድዬ ነው?»

«ቆፋሪውን ለምን አትጠይቀውም?»

«ጠየቅኩት! ‹ጋሼ፣ እኔ ውሃ ነው የማወጣው፤ ጨው ከየት እንደመጣ በምን አውቃለሁ?› አለኝ። ቀልደኛ!»

በሩ ተንኳኳ። የፋሲካ ማግስት ስለሆነ የበግ ቆዳ የተከመረበት ጋሪ ደጅ ቆሟል። ሰውዬው ቆዳ ነጋዴ ነው፤ የመጣለትን ጭነት አይቶ እያጉረመረመ ወደ ጓሮ ተመለሰ። እንዳይበሰብስ ጨው ነስንሶ ያቆየውን የቅበላ ቆዳ፣ ለአዲሱ ቆዳ ቦታ ለማስለቀቅ እያነሳ ያራግፈው ጀመር። ጨዉ እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ መሬቱን አነጣው።

«ልጥረገው እንዴ?» አለች ሚስቱ።

«ተይው ባክሽ፤ እንደ ሁልጊዜው ዝናቡ ይወስደዋል።»