ሃምሳ ሜትር ገመድ

«ባለ ገመዱን ተዪውና ባለ ባትሪውን አሳዪን» አለ ሰውዬው፣ ፊቷን እንኳ ሳያይ።

ጌታነሽ ሁለቱንም የብረት መቁረጫ ግራይንደሮች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ገና ከበሩ ድምፁን ስትሰማ ነው ያወቀችው። ተክለጻድቅ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ዓለም ከተማ ውስጥ የብረታ ብረት ማኅበራቸው ሰብሳቢ የነበረ፣ የማኅበሩን ብቸኛ ግራይንደር አቃጠለች ብሎ በአሥራ አንድ አባላት ፊት ከመሥሪያ ሼዱ ያስወጣት ሰው። ያን ጊዜ ከሲታ ነበረች፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ፊቷ በብየዳ ጭስ ጠቁሮ ነበር የምትውለው። አሁን መሐል ሜዳ ከተማ የራሷ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላት። አላወቃትም።

አብረውት የገቡት ጋሽ አፈወርቅ ናቸው፤ ከራቤል ከተማ ወዲያ ያለች የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን የሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከዚህ በፊትም ምስማር የገዙባት ሽማግሌ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሊቀየር ነው። ሥራውን ለተክለጻድቅ ሊሰጡት አስበዋል፤ ውሉ ግን ገና አልተፈረመም። ቦታው መብራት አልገባበትም። መሣሪያውን የሚገዛው ኮሚቴው ነው።

«እኔ አላውቅበትም ልጄ» አሉ፣ በትራቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው። «እሱ ባለ ባትሪው ይሻላል ይላል። ዋጋው ግን እጥፍ ነው አሉኝ። ምእመኑ ገብሱን ሸጦ ያዋጣው ነውና እንዳናባክነው።»

«ባለ ገመድ ይቃጠላል» አለ ተክለጻድቅ። «በዓይኔ ያየሁት ነው። ዓለም ከተማ ሳለን አንዲት ልጅ ነበረች፤ ወሬዋን ስትሰልቅ አነደደችው። ሴትና ማሽን እኮ...» ሳቅ አለና ተወው።

ሰባት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው የምትለውን ስታሰናዳ ኖራለች። ስድብም ነበረበት፣ እርግማንም ነበረበት። አሁን አንዱም አላስፈለጋትም።

«እንዴት ነው የተቃጠለው?» አለችው ረጋ ብላ። «ጋሽ አፈወርቅም እንዲገባቸው ነው።»

«ጨሰ፣ ቆመ። በቃ።»

«ሶኬቱ ቅርብ ነበር?»

«የት ይቀርባል! ከወዲያኛው ሼድ ነው የሳብነው። ሃምሳ ሜትር ይሆናል።»

«ገመዱስ?»

«የአምፖል ገመድ ነዋ። ያገኘነውን ነው።»

«ማን ዘረጋው?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን ይችልበታል?»

ጌታነሽ ከመደርደሪያው ሁለት ቁራጭ ገመድ አንስታ የሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖረች፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። «ይዳስሱት። በዚህ በቀጭኑ ያን ያህል ርቀት ሲሳብ ኃይሉ መንገድ ላይ ያልቃል። ሞተሩ የሚበቃውን ሲያጣ ይግላል፤ ሲግል የመዳብ ጥቅሉ ይቃጠላል። ማሽኑን የያዘው ሰው ጥፋት የለበትም። ያቃጠለው ገመዱን የዘረጋው ነው።»

ጋሽ አፈወርቅ ቀጭኑን ገመድ በጣታቸው አሹት። ከዚያ ወደ ተክለጻድቅ ዞሩ። «ያቺ ልጅ ታዲያ ምን ሆነች?»

ተክለጻድቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጌታነሽን አያት። ዓይኑ የእጇ አንጓ ላይ ካለው የብየዳ ጠባሳ ተነስቶ ቀስ እያለ ፊቷ ላይ ደረሰ።

«ከማኅበሩ... ወጣች።»

«የት ሄደች?»

«እንጃ።»

«መሐል ሜዳ ሱቅ ከፈተች» አለች ጌታነሽ።

ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። እሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ዕቃዎቹ ተመለሰች።

«ባለ ባትሪው መጥፎ ሆኖ አይደለም ጋሽ አፈወርቅ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ብሎን ለማጥበቅ ባለ ባትሪ ድሪል ይውሰዱ፤ እግር የሚጠልፍ ገመድ የለውም። ብርዱ ባትሪውን እንዳያደክመው ማታ ማታ በጋቢ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ብረት መቁረጥ ግን ሌላ ነው። የግራይንደር ባትሪ ሩብ ሰዓት ቢቆርጥ ነው። ከዓመታት በኋላ ሲደክምም የአዲሱ ባትሪ ዋጋ ወደ ማሽኑ ዋጋ ይጠጋል። ባለ ገመዱን በትንሽ ጀነሬተርና በዚህ በወፍራሙ ገመድ ይሥሩበት። የሞተሩ ካርቦን ተፍቆ ሲያልቅ በትንሽ ብር ይቀየራል።»

እያንዳንዷን ቃል ስትናገር ዓይኗ ተክለጻድቅ ላይ ነበር። አልቸኮለችም። ሽማግሌው ጀነሬተሩን ሊያዩ ወደ ጥግ ፈቀቅ ሲሉ ተክለጻድቅ ወደ ባንኮኒው ተጠጋ።

«ጌታነሽ» አለ በሹክሹክታ። «በድዬሻለሁ። ይሄ ሥራ ካመለጠኝ ወደ ቤቴ የምገባበት ፊት የለኝም።»

ያን ጊዜ በሼዱ በር ስትወጣ እሷም ፊት አልነበራትም። ወፍራሙን ገመድ መጠቅለል ጀመረች።

ጋሽ አፈወርቅ ተመለሱ። «የተናገርሽውን ሁሉ እወስዳለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ንገሪኝ። ይሄ ሰው ጣሪያችንን ይችለዋል?»

ይችለዋል። የብየዳ እጁ ከማኅበሩ ሁሉ የሚበልጥ እንደነበር ታውቃለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

«እኔ እሱን የማውቀው ገመድ ሲዘረጋ ነው» አለች።

ሽማግሌው በትራቸውን አነሱ። «እንግዲህ ከኮሚቴው ጋር እንመክርበታለን» አሉት ተክለጻድቅን፣ ዓይኑን ሳያዩ። ዕቃው ባጃጅ ላይ ተጫነ። እሳቸው ገቡ፤ እሱን ግባ አላሉትም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

አንዲት ሴት የበር ማጠፊያ ልትገዛ ገባች። ጌታነሽ ሰጥታት ዞር ስትል ደጃፉ ባዶ ነበር።

ፈጥና ወጣች። ብርድ ያዘለው ነፋስ ነጠላዋን ገፈፋት። ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ፣ ጋቢ በለበሱ ገበያተኞች መካከል ጀርባውን አየችው፤ አንገቱን ሰብሮ፣ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ወደ ኩርባው ሲቃረብ የሱቋን ደረጃ ለቃ ወረደች፤ አስፋልቱ መሐል ድረስ ሄዳ፣ ልትጠራው ሳይሆን ትንሽ ረዘም አድርጋ ልታየው አንገቷን አሰገገች።