ጉልበቴ ላይ ያለው ጭቃ

እናቴ እግሯ አልሄድ ካላት ወዲህ የአንኮበርን ተራራ የምታየው በእኔ ዓይን ነው። ጠዋት ጠዋት ያየሁትን የምትቀርጽ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል መቅጃ ግንባሬ ላይ ለጥፌ እሮጣለሁ። ስመለስ እሷ ግንባር ላይ እለጥፍላታለሁ። ያየሁት ሁሉ ወደ እሷ ሲያልፍ ታዲያ ከእኔ ይጠፋል። ከበራችን መውጣቴንና መመለሴን እንጂ መሃሉን አላውቀውም።

የምትነግረኝ እሷ ናት። «ዛሬ የድሮው ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ከጥዱ በታች ደግሞ ጉም ተኝቷል» ትለኛለች። እኔም እንደ ሰው አገር ወሬ እሰማታለሁ።

ዛሬ ግን መቅጃዋን ከግንባሯ ካነሳሁላት በኋላ ዓይኗን ከጉልበቴ አልነቀለችም።

ጫማዬን ሳወልቅ አየሁት፤ ሁለቱም ጉልበቶቼ ጭቃ በጭቃ ሆነዋል።

«ወድቄ ነበር እንዴ፣ እማዬ?»

«አልወደቅሽም፤ ተንበርክከሽ ነው።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «አባትሽ መቃብር ሄደሽ ነበር።»

አባቴ ከተቀበረ ጀምሮ «በዚያ በኩል ሩጪልኝ» እያለች ስትለምነኝ አንድም ቀን እሺ ብያት አላውቅም። መቃብሩን ማየት ፈርቼ ነው። ለካ ዛሬ ሄጄላታለሁ። ላስታውስ ሞከርኩ፤ ምንም የለም።

«አለቀስኩ?»

«ፊትሽን በምን ላየው፣ ትርንጎዬ? የማየው በአንቺው ዓይን አይደል?» እጄን ያዘችኝ። «ብቻ ስሙን ማንበብ አቃተኝ። ድንጋዩ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር።»