አልሞቅ ያለው ጥግ

ኤግሊንተን ዌስት በተባለው ጎዳና ዳር ያለው የግንባታ ቦታ መሬቱ በብርድ ቀዝቅዞ እንደ ብረት ጠጥሯል። መቆፈሪያው ኤክስካቫተር ጥርሱን ሲያሳርፍበት ይፈናጠራል እንጂ አይገባም። ስለዚህ ትኩስ ፈሳሽ የሚዘዋወርባቸው የጎማ ቱቦዎች መሬቱ ላይ ይዘረጋሉ፤ በላያቸው ወፍራም ሽፋን ሁለት ድርብ ሆኖ ይነጠፋል፤ ማሞቂያ ማሽኑም ሌት ተቀን ይሠራል። በሦስት በአራት ቀን መሬቱ ላልቶ ይቆፈራል።

የማሞቂያው ኃላፊ ገረመው ነው። ሥራ ያስገባው ባልቻ ነበር፤ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር አንዲት ክፍል ተጋርተው ሁለት ዓመት ኖረዋል። በጥር የገረመው ሚስት ሰሎሜ በባሏ ስፖንሰርነት ከአገር ቤት ስትመጣ ባልቻ ማንም ውጣ ሳይለው ቀዩን ብርድ ልብሱንና አንድ ሻንጣ ይዞ ወጣ።

"ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር የአክስቴ ልጅ አለ፤ ስለኔ አታስብ" አለ።

ገረመውም አላሰበም።

በየካቲት ችግር መጣ። የምሥራቁ ጥግ አልሞቅ አለ። ፎርማኑ በየማለዳው የሽፋኑን ጫፍ ገለጥ አድርጎ የብረት ዘንጉን መሬቱ ውስጥ ሲሰካ፣ ሌላው ቦታ ይገባል፣ እዚያ ጋ ይነጥራል። ገረመው ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቱቦዎቹ ግራና ቀኝ ተገፍተዋል፤ መሃላቸው የአንድ በር ያህል ባዶ ቦታ አለ። አስተካክሎ ይሄዳል፤ በማግስቱ ያው ነው።

"አንድ ጊዜ ከተደገመ ሌላ ሰው አመጣለሁ" አለው ፎርማኑ።

ሰሎሜ ገና ሥራ አላገኘችም። ቤታቸው የቆመው በዚህችው ሥራ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ገረመው መጠርጠር ጀመረ። ማሽኑን ነዳጅ የሚሞላው ባልቻ ስለሆነ የአጥሩ ቁልፍ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ደግሞስ ከጄን ኤንድ ፊንች አውቶቡስ ቀያይሮ የሚመጣ ሰው እንዴት ሁልጊዜ ቀድሞ ይገኛል? በረዶ ሲወርድ ባደረበት ቀን እንኳ ጫማው ደረቅ ነው። ከሁሉም የሚያናድደው ግን ያ የየማለዳ ጥያቄው ነበር።

"ቤቱ ይሞቃል? ሰሎሜ ብርዱን ለመደችው?"

"በደንብ ይሞቃል።"

"ተመስገን።"

ያሾፍብኛል፣ አለ ገረመው በልቡ። ኃላፊነቱ ለእኔ ስለተሰጠ አንጀቱ አሯል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሐሙስ ዕለት ለፎርማኑ ነገረው። ባልቻ ወዲያው ተጠራ።

"ቱቦዎቹን የምታንቀሳቅሰው አንተ ነህ?" አለ ፎርማኑ።

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

ባልቻ ገረመውን አየውና አንገቱን ደፋ። "ይቅርታ" አለ። ከሥራ ተሰናብቶ ቁልፉን አስረከበ፤ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ሳበ።

"ለሰሎሜ ሰላም በልልኝ" ብሎ ወደ ፌርማታው ሄደ።

ገረመው እፎይ አለ። ማታ ለሰሎሜ ሲነግራት ማመን አቃታት።

"ክፍሉን ለቆልን የሄደው ባልቻ? ምን አደረግነው?"

"ቅናት ነዋ። ሰው አይታወቅም።"

ሬዲዮው ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት እንደሚደርስ ተናገረ። ሰሎሜ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ጥጉ ላልቶ ዘንጉ ያለ ችግር ገባ። ፎርማኑ የገረመውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሽፋኑን እንዲጠቀልል ነገረው።

የላይኛውን ድርብ ሲገልጠው፣ ቱቦዎቹ ይገፉበት ከነበረው ቦታ በላይ፣ በሁለቱ ድርቦች መሃል የባልቻ ቀዩ ብርድ ልብስ በወጉ ተጣጥፎ ተቀምጧል።