ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አሳዩኝ

«ይህንን ልብስ ያውቁታል?»

ዐቃቤ ሕጉ በላስቲክ የታሸገ ነጭ ጀለቢያ ከፍ አድርጎ አሳየኝ…

እንዴት አላውቀው። ስድስት ዓመት ያጠብኩትና የተኮስኩት ልብስ ነው።

እኔ የሰው ልብስ አጥቤ የማድር ነኝ። እንዳይቀላቀልብኝ ለየደንበኛው ከአንገቱ በስተውስጥ ክር እሰፋለሁ… ለነርሷ ቀይ፣ ለሾፌሩ ቢጫ፣ ለጎረቤቴ ለሰዓት ሠሪው አረንጓዴ።

አረንጓዴውን ክር አየሁት።

«አዎ፣ የሰዓት ሠሪው ነው» አልኩ።

ሰዓት ሠሪው ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቀና ብሎ አየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዓርብ ረፋዱ ላይ፣ አንድ ሰው የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ገብቶ የጥበቃውን ጭንቅላት በብረት መታና ዘርፎ ወጣ። ጀለቢያውን እዚያው ጓሮ ጥሎት ሄደ። ምስኪኑ ጥበቃ አንድ ዓይኑ ጠፋ።

ካሜራው የቀረጸው ጀርባውን ብቻ ነው… ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ቆብ።

ፖሊስ ሌላ ሰው አልፈለገም። ጀለቢያ ለባሽ ነው ብሎ በቀጥታ ሰዓት ሠሪው ቤት ሄዶ ከቁርኣኑ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ወሰደ። መጽሐፉ መድኃኒት ቤት የዘረፈ ይመስል።

ሰፈሩም አፉ አላረፈም። «ድሮም ዝምታው አያምርም ነበር» አሉ፣ ሰዓታቸውን በነጻ ያሠሩት ሳይቀሩ።

እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ።

እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቃሉ አንድ ነው። ልብሱ አጣቢዋ ዘንድ ነበር፣ አልተመለሰልኝም አለ። ሚስቱም ይህንኑ መሰከረች። ሚስት ለባሏ ሌላ ምን ልትል ነው ተብሎ ታለፈ።

እናም ነገሩ ሁሉ በእኔ አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

የታጠበውን ልብስ ለደንበኛ የሚያደርሰው ልጄ ነው። ሃያ አራት ዓመቱ፣ አንድ ለእናቱ… ያለ አባት ያሳደግኩት። ጠየቅኩት። ሐሙስ ዕለት ለሚስቱ በእጇ ሰጥቻታለሁ አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።

ፍርድ ቤት ቆሜ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ጨብጬ፣ ልብሱ ሐሙስ ተመልሶለታል ብዬ ማልኩ… በዓይኔ እንዳየሁ አድርጌ።

ከዚያ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አሳዩኝ። ማን ይመስልዎታል ሲሉኝ ጣቴን ወደ ሳጥኑ ቀሰርኩ።

ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት።

ከአምስት ወር በኋላ የሰዓት ሠሪው ሚስት የልጆቿን ልብስ ይዛ በሬን አንኳኳች። አፍሬ መግቢያ አጣሁ። ከሰው ሁሉ እንዴት ለእኔ ታመጫለሽ አልኳት።

«እህቴ፣ ስድስት ዓመት ስመላለስ እዚህ ቤት የጠፋብኝ ልብስ አንድ ብቻ ነው» አለችኝ ዝግ ብላ።

አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ ለምሳ ሲመጣ፣ ገና ሳላቀርብለት ጠየቅኩት። ያን ጀለቢያ ለማን እጅ ነው የሰጠኸው?

«ለራሱ ነዋ፣ ለሰውዬው» አለ ስልኩን እየነካካ።

«ያኔ ለሚስቱ ነው ያልከኝ።»

ጣቱ ቆመ…

ከዚያ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«እማ፣ እኔ መቼ መሰከርኩ? የመሰከርሽው አንቺ ነሽ።»

ስንት ሸሚዝና ኮት በተሰቀለበት ቤት ለምን የእሱን አነሳህ አልኩት። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

«ያንን ልብስ ያየ ሰው ቀና ብሎ ፊት አያይም» አለኝ። «አንቺስ? ሦስት ጊዜ አሳዩሽ አይደል? አወቅሽኝ?»

ወገኖቼ…

አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ዳዴ ያስባልኩት እኔ ነኝ። ከሩቅ በኮቴው የምለየውን ልጅ፣ ጀለቢያ ሲለብስ አጣሁት። ለካ ያየሁት ሰው አልነበረም… «እነሱን» ነው ያየሁት።

በማግስቱ ጸሎቴን አድርሼ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠና፣ እናቴ ይህን ከጻፍኩ ልጅዎም ይታሰራል፣ እርስዎም በሐሰት ምስክርነት ይከሰሳሉ፣ እስቲ ቤትዎ ገብተው ያስቡበት አለኝ።

ያኔ በሰው ልጅ ላይ ስመሰክር «ያስቡበት» ያለኝ አልነበረም። ጻፈው አልኩት።

ልጄ ታሰረ። እኔ በገደብ ተለቀቅኩ። ሰዓት ሠሪው እስኪወጣ ግን ሌላ ስምንት ወር ፈጀ… ለማስገባት የእኔ አንድ ቃል በቅቶ ነበር፤ ለማስወጣት ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ዞረ።

የወጣ ቀን እግሩ ላይ ልወድቅ ሄድኩ። ሳልደርስ ክንዴን ይዞ አቆመኝ።

«ልጅሽን አመንሽ፤ እናት ነሽ፣ በዚህ አልፈርድብሽም» አለኝ። «ግን እህቴ፣ ስድስት ዓመት ግድግዳ ተጋርተናል። አንድ ቀን መጥተሽ ‹አንተ ነህ ወይ?› ብትይኝ ምን ነበረበት?»



በሳምንቱ ዕቃቸውን ጭነው ሰፈሩን ለቀቁ።

ለሰው ስናገር ልጄ ካደኝ እላለሁ። እውነት ነው፣ ክዶኛል። ነገር ግን ውሸቱን ሳላላምጥ የዋጥኩት ልቤ ቀድሞ ፈርዶ ስለነበር ነው። የተከሰሰው ከእኔው ቤተ ክርስቲያን ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ልጄን አሥር ጊዜ ነበር የምጠይቀው።

ያላያችሁትን አየን ብላችሁ አትማሉ። ሰው ላይ በልብሱ አትፍረዱ… ፊቱን እዩት፣ ከራሱ አፍ ስሙት።

እናንተስ፣ ሳትጠይቁት የፈረዳችሁበት ጎረቤት አላችሁ? ስሙን አትጻፉት… ዛሬ በሩን ብታንኳኩ ምን የሚላችሁ ይመስላችኋል?