የላቬል ዋጋ

"ከመብላትሽ በፊት ንገሪኝ" ይለኛል ላቬል፣ መቆንጠጫውን ፊቴ ላይ እያወዛወዘ። "ቋሊማው ጉሮሮሽ ላይ እንዳይቀር።"

የካቲት ነው። በረዶው ጉልበት ይደርሳል፤ እሱ ግን የከሰል መጥበሻውን ዙሪያ ብቻ በአካፋ ጠርጎ፣ በካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጎ ቆሟል። ከሚሺጋን ሐይቅ የሚነሳው ንፋስ ጆሮዬን ሊቆርጠው ነው። እኔ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ሥራ አስኪያጅ ነኝ፤ ማን ይፈርም፣ ማን በማን ይለወጥ የምለው እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ኳስ ሲያከፋፍልልን የኖረ ሰው ነው። የዝውውር መስኮቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ሰባት ተኩል አልፏል።

"ኮርቢን ይፈልግሃል" እለዋለሁ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም። "በምትክህ ኢቮን ይሰጠናል።"

ኮርቢን እዚያ በረሃው ከተማ ያለው ቡድን ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ዘንድሮ ማንም አልቻላቸውም። ኢቮ የእነሱ ረጅም ሰው ነው። የእኛ ረጅም ሰው ጉልበቱን ከተጎዳ ወዲህ ቅርጫታችን በር የሌለው ቤት ሆኗል፤ የፈለገ ገብቶ ይወጣል። ኢቮ ካልመጣ የዘንድሮው ነገር አበቃ።

ሌላ ተጫዋች ቢሆን ደውዬ "አመሰግናለሁ፣ ሻንጣህን አዘጋጅ" ብዬ እገላገል ነበር። የላቬል ውል ግን ያለ ፈቃዱ አይለወጥም ይላል። ያንን ያስጻፍኩለት ራሴ ነኝ፤ ለቡድኑ ብሎ ደመወዙን በቀነሰልን ጊዜ ሌላ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም። እምቢ ካለ ቅርጫታችን ክፍቱን ይከርማል። እሺ ካለ ደግሞ ነገ ጠዋት ልምምድ ሜዳ ስገባ የሚያሾፍብኝ ሰው የለም። ሰውዬውን እወደዋለሁ፤ ምን ልሁን?

ላቬል ቋሊማዎቹን አንድ በአንድ ይገለብጣል።

"ኢቮና ማን?"

"ኢቮ ብቻ።"

"ሎርና!" ይጮኻል። "እኔ አንድ ለአንድ የምለወጥ ሰው ነኝ? ኢቮ እኮ በግራ እጁ ማንኪያ እንኳን አይዝም!"

እኔ ለለቅሶ ተዘጋጅቼ መጥቼ እሱ በዋጋው ተናዷል።

"ውል የሌላቸው ነፃ ተጫዋቾች አሉ አይደል? ከነሱ አንዱን ረጅም ብታስፈርሚስ?"

"የቀረው ብራድሾ ነው።"

"እግዚኦ! ብራድሾ ሜዳውን ሁለቴ ከተመላለሰ አምቡላንስ ይፈልጋል። ተይው፣ ኢቮ ይሻላል።" መቆንጠጫውን እንደ ጣት ይቀስርብኛል። "ግን ቡድኖች አዲስ የኮሌጅ ልጆችን በየተራ ሲመርጡ አንድ ተራውን ይልቀቅልሽ። የዘንድሮውን! ከአምስት ዓመት በኋላ ምናምን ካለሽ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ እንዳትሰሚው።"

ሚስቱ ሻኒስ በጓሮ በር ብቅ ትላለች። "ምንድነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?"

"ሎርና በርካሽ ልትሸጠኝ ነው!"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሲያንኮራፋ ሳይሰሙት ቶሎ ስጫቸው!" ትስቃለች። ከዚያ ፊቴን ታይና ሳቋን ታቆማለች። "የምርሽን ነው እንዴ?"

አዎ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ካፖርትም ሳትደርብ በረዶው ላይ ወጥታ ጎኑ ትቆምና መዳፏን ጀርባው ላይ ታሳርፋለች።

"ልጆቹ ትምህርት እስኪዘጉ እኛ እዚሁ ነን" ትለዋለች ቀስ ብላ። "አንተ ሂድ። ዋንጫ ሳትነካ ጡረታ ወጥተህ ሳሎኔ ውስጥ ስትነጫነጭ አልችልህም።"

ላቬል ወደ እኔ ይዞርና "ደውይ" ይለኛል። "ድምፁን ክፈቺው። እኔ የለሁም።"

እደውላለሁ። ስልኩ ገና ሳይጮህ ኮርቢን ያነሳዋል።

"ሎርና፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሽማግሌው ምን አለ?"

"ሽማግሌ?" ይላል ላቬል ድምፅ ሳያወጣ፣ ዓይኑን አፍጥጦ።

"ኢቮ ብቻውን አይበቃኝም" እለዋለሁ። "በዘንድሮው የኮሌጅ ልጆች ምርጫ የሁለተኛውን ዙር ተራህን ጨምር።"

"ለሰላሳ አምስት ዓመት ሰው?"

"ለላቬል።"

ላቬል ሁለት ጣቱን ያወጣል፤ ሁለት ተራ ጠይቂ ማለቱ ነው። እጁን መትቼ አወርደዋለሁ። ከወዲያ በኩል ረጅም ትንፋሽ ይሰማል።

"ስሚ፣ የኔ ልጆች መዝለል ይችላሉ" ይላል ኮርቢን። "የሚያረጋጋቸው ሰው ነው ያጣሁት። ሲሸነፉ አጠገባቸው የሚቀመጥ። እሺ፣ ተራውን ውሰጂ። ጨርሰናል?"

በእኛ ሥራ ወረቀት ኋላ ነው የሚመጣው። ስልክ ላይ "ጨርሰናል" ያለ ሰው አይመለስም፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው ስልክ ማንም ሁለተኛ አያነሳለትም። ስንቱን ሰው በዚያች ቃል ሸኝቻለሁ፣ አንዳንዱንም ምሳዬን እያኘክሁ። አሁን አፌን እከፍታለሁ፣ ቃሉ አይወጣም።

"ሎርና? አለሽ?"

"በይ እንጂ" ይለኛል ላቬል በከንፈሩ። ሻኒስ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራለች። እንባዬ ጉንጬ ላይ ሳይወርድ ይቀዘቅዛል። አልችልም ብዬ ራሴን እወዘውዛለሁ።

"ሎርና፣ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው! ጨርሰናል ወይስ አልጨረስንም?"

ላቬል ስልኩን ከእጄ ቀስ አድርጎ ይወስደዋል። ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

"ጨርሰናል" ይላል።

"ማነው ይሄ?"

"ላቬል ነኝ፣ አለቃ። ልምምድ ስንት ሰዓት ነው?"