ዋጋ የማይከራከር ገዢ

ሰው ከሰው ጋር ዋጋ መከራከር ከቀረ ቆይቷል፤ የሚገበያዩት ማሽኖች ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ደጃፋቸውን የረገጠ ሰው የሌላቸው ጋሽ መርዕድ ግን፣ ጣሪያው የሚከፈተውን ብርቅ ቀይ ሙስታንግ መኪናቸውን ለሽያጭ ሲያወጡ ዋጋውን ሆን ብለው ሦስት እጥፍ ሰቀሉት፤ የተናደደ ሰው መጥቶ ይሟገተኛል ብለው።

የመጣው ሾፌር የሌለው የጭነት መኪና ነው።

«ዋጋው ተከፍሏል» አለ ጭነት መኪናው።

«ውድ ነው አትልም እንዴ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«ገዢው ተስማምቷል።»

«እኔ አልተስማማሁም! ግማሹን ቀንሻለሁ!»

«መቀነስ አያስፈልግም፣ ጌታዬ።»

ሙስታንጉ ተጭኖ ሄደ። ጋሽ መርዕድ ባዶው ግቢ መሃል ቆመው፣ ድምፃቸውን እንደ ወጣት ገዢ ቀጠን አድርገው «ጋሼ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ እንጂ» አሉ። ወዲያው በራሳቸው ድምፅ ተቆጡ፦

«አምስት ሳንቲም አልቀንስም! ይልቅ ዱለቱ ሳይቀዘቅዝ ግባና እየበላን እንከራከር።»