እጅ ያልነካው ማብሪያ

ከሸቤ ወደ ጅማ ሲመጡ፣ ዳገቱ መሀል ላይ የሹፌሯ የሶረቲ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ነዳጅ መቀየሪያው ማብሪያ ሄደ። ፒክአፑ እሸት ቡና አፍ እስከ ገደፉ ተጭኗል። መኪናው በሲሊንደር ጋዝም በቤንዚንም ይሠራል፤ ጋዙ ግን እንዲህ ያለውን ዳገት አይችልም፤ ቶሎ ወደ ቤንዚን ካልቀየሩለት ሞተሩ ይጠፋና መኪናው ከነጭነቱ ወደ ኋላ ገደሉን ይይዛል።

«እማ፣ አትንኪው!» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ልጇ ሩፈይዳ። ከዳሽቦርዱ ስር፣ በእጇ በይዳ የሠራቻት የክብሪት ቀፎ የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አረንጓዴ ታበራለች። «የሞተሩን ዙር እየለካች ነዳጁን ራሷ ትቀይራለች።»

«ይሄ ሁሉ ቡና መጫወቻሽ ነው? ሞተሩ ይጥፋብኝና፣ ወላሂ ነቅዬ ገደል ነው የምከታት!»

ሞተሩ አንዴ እንደ ማሳል አደረገው። ሶረቲ እጇን አየር ላይ አንጠልጥላ ጆሮዋን ወደ ሞተሩ ጣለች። ከሰሌዳዋ በኩል ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሞተሩም ጉሮሮውን እንደጠረገ ሰው ድምፁን አወፍሮ ዳገቱን ተያያዘው።

«ሱብሃነላህ!» አለች ሶረቲ። ስንት ዘመን በጆሮዋ ስታዳምጥ የኖረችውን የሞተር መድከም፣ ይህች ቁራጭ ነገር ቀድማት ሰማች።

አፋፉ ላይ ሲወጡ ሩፈይዳ ልታወራ አፏን ከፈተች።

«እሽሽ!» አለች ሶረቲ፣ እጇን ወደ መሪው መልሳ። «ሰሌዳሽ በቁልቁለቱም ሞተሩን ትስማ፣ አትረብሻት።»